ፓይለቱ አያየውም

ኦገስት 10 ቀን 2021 ቶሮንቶ አጠገብ በነበረው በተንቪል አየር ማረፊያ አንዲት ሴስና 172 ለማረፍ እየወረደች ነበር። ውስጧ ያሉት አስተማሪና ተማሪ ናቸው። መንደርደሪያው ፊት ለፊታቸው እንደተዘረጋ አውሮፕላኗን የሆነ ነገር ገጭ አደረጋት። «ወፍ ነው» ብለው በሰላም አረፉ። አቁመው ወርደው ሲያዩ ግን የሞተሩ ሽፋን በፊት በኩል ታጥፏል፣ ፕሮፔለሩም ተመትቷል። የገጫቸው ወፍ ሳይሆን በ400 ጫማ ከፍታ ላይ አንድ ቦታ ቀጥ ብሎ ቆሞ የነበረ የፖሊስ ድሮን ነበር።

ስለ ድሮንና አውሮፕላን ሲወራ ሁሉም ጋትዊክን፣ በ2018 በድሮን ወሬ የተዘጋውን የለንደን አየር ማረፊያ፣ ያነሳል። እኔ ግን ከዚህች ትንሽ አደጋ የበለጠ የሚያስተምር አላየሁም። ድሮኑን የሚያበረው ሰው ወፈፌ ጎረምሳ አልነበረም፤ ፖሊስ ነው፣ ለሥራ የወጣ። አጠገቡ ሰማዩን እንዲጠብቅለት የተመደበ ሰው ነበረው፣ የአየር ማረፊያውን ንግግር የሚሰማበት ሬዲዮም ነበረው። የካናዳ መርማሪዎች በኋላ እንደጻፉት አብራሪው በሥራው ተወጥሮ ስለነበር ጆሮውም ዓይኑም ሞልቶ ነበር፤ ጠባቂውም ለዚያ ሥራ አልሠለጠነም። ሴስናዋ ውስጥ የነበሩት ደግሞ ከመመታታቸው በፊት ምንም አላዩም። አራት ሰዎች በጠራ ቀን አንድም ነገር ሳያዩ ተጋጩ።

ለምን አላዩም? ሒሳቡን እንሥራው። የመንገደኞች አውሮፕላን ለማረፍ ሲወርድ ፍጥነቱ ወደ 140 ኖት ነው፤ በሰከንድ 72 ሜትር ማለት ነው። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ለፓይለቶች በሚሰጠው መመሪያ ውስጥ አንድ የቆየ ሠንጠረዥ አለ። ነገሩን ዓይን ውስጥ ለማስገባት 0.1 ሰከንድ፣ ምን እንደሆነ ለመለየት 1 ሰከንድ፣ «ሊጋጨኝ ነው» ብሎ ለመረዳት 5 ሰከንድ፣ ወዴት እንደሚታጠፍ ለመወሰን 4 ሰከንድ፣ እጅ እስኪታዘዝ 0.4፣ አውሮፕላኑ እስኪታዘዝ 2 ሰከንድ። ሲደመር 12.5 ሰከንድ። በሰከንድ 72 ሜትር የሚበር አውሮፕላን በ12.5 ሰከንድ 900 ሜትር ይሄዳል። ስለዚህ ፓይለቱ ድሮኑን ቢያንስ ከ900 ሜትር ላይ ማየት አለበት። 35 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ግራጫ ድሮን በ900 ሜትር ርቀት ላይ ለጤነኛ ዓይን የመጨረሻው ድንበር ላይ ያለ ነጥብ ነው። ያም ሰማዩ ንጹሕ ሆኖ፣ ዓይን እዚያው ነጥብ ላይ ተተክሎ ቢጠብቅ ነው። ከተማ ላይ ሲሆን ጀርባው ጣሪያ፣ መኪና፣ የፀሐይ ነጸብራቅ ነው። ፓይለቱም በዚያች ደቂቃ መስታወቱ ላይ አፍጥጦ የተቀመጠ ሰው አይደለም፤ ፍጥነቱን ያያል፣ ጎማ መውረዱን ያረጋግጣል፣ ከታወር ጋር ያወራል።

ከዚህም የሚብስ አለ። ዓይናችን የሚይዘው የሚንቀሳቀስ ነገርን ነው። ሊጋጨን የሚመጣ ነገር ግን በፊት መስታወቱ ላይ ቦታ አይቀይርም። ወደ ግራ የሚሸሽ ነገር አያገኝህም፤ አንድ ቦታ ቆሞ ዝም ብሎ የሚተልቅ ነጥብ ነው የሚያገኝህ፣ እሱንም መስታወት ላይ ከተለጠፈ ቆሻሻ መለየት አይቻልም። እስከ መጨረሻዋ ሁለት ሰከንድ ድረስ ትንሽ ነው፤ ከዚያ በአንድ ጊዜ ይገዝፋል። «በቀኝ ክንፋችን ሥር ሽው ብሎ አለፈ» የሚሉ የፓይለት ሪፖርቶች የሚበዙት ለዚህ ነው። የታየው የሳተው ነው።

መሣሪያስ? አውሮፕላኖች እርስ በርስ እንዳይጋጩ የሚያስጠነቅቀው ቲካስ የሚሠራው በሌላኛው አውሮፕላን ላይ ያለ ትራንስፖንደር፣ ማለትም ሲጠየቅ በሬዲዮ መልስ የሚልክ መሣሪያ፣ ሲመልስለት ነው። ድሮን ትራንስፖንደር የለውም፤ ለቲካስ የለም ማለት ነው። የአየር ማረፊያ ራዳርም ቢሆን የተሠራው ትልልቅ ብረት ለማየት ነው፤ ወፍና ደመናን አጣርቶ የሚጥለው ማጣሪያ ድሮኑንም አብሮ ይጥለዋል። አንዳንድ አዳዲስ ድሮኖች በአቅራቢያ ያለ አውሮፕላን የሚልከውን የቦታ ምልክት ተቀብለው ለባለቤታቸው በስክሪን ያሳያሉ። ጥሩ ነገር ነው፣ ግን የአንድ ወገን ነገር ነው፤ ድሮኑ አውሮፕላኑን ያውቃል እንጂ አውሮፕላኑ ድሮኑን አያውቅም። ስለዚህ ገለል ማለት የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም መሬት ላይ ሪሞት ይዞ የቆመው።

ያ ሰው ደግሞ የሚያምነው ስክሪኑ ላይ ያለውን ቁጥር ነው። በብዙ አገር ሕግ የድሮን ጣሪያ 120 ሜትር ወይም 400 ጫማ ነው። «120 ላይ ነኝ፣ ሕጋዊ ነኝ» ይላል። ግን 120 ከምን? ድሮኑ ከፍታውን የሚለካው በዋናነት በአየር ግፊት ሲሆን ዜሮ ብሎ የሚይዘው የተነሳበትን ቦታ ነው። ከሥሩ ያለውን መሬት አይደለም። አዲስ አበባ ላይ 209 ሜትር ከሚረዝመው የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት አናት ላይ ድሮን ቢነሳ ስክሪኑ ዜሮ ይላል። 120 ሲል ከመንገዱ 329 ሜትር ላይ ነው። ሕንፃ እንኳ አያስፈልግም። አዲስ አበባ ከእንጦጦ ወደ ቦሌ የምትወርድ ከተማ ናት። ከላይኛው ሰፈር ተነስቶ ወደ ታች የሚበር ድሮን አንዲት ሜትር ሳይወጣ፣ ቁጥሩም ሳይለወጥ፣ ከሥሩ ያለው መሬት እየራቀው ይሄዳል።

በሌላ በኩል አውሮፕላኑ የሚወርደው በ3 ዲግሪ ተዳፋት ነው። ከመንደርደሪያው ጫፍ 5 ኪሎ ሜትር ላይ ወደ 280 ሜትር ከፍታ ላይ ይሆናል፤ 2 ኪሎ ሜትር ሲቀረው 120 ሜትር ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ቦታ ሁሉ ሕጋዊ ከፍታ የሚባለው ራሱ የአውሮፕላን መንገድ ነው። ብሪታኒያ ከጋትዊክ በፊት የነበራትን የ1 ኪሎ ሜትር ክልከላ ማርች 13 ቀን 2019 ከመንደርደሪያው ጫፍ ወደ 5 ኪሎ ሜትር ያሰፋችው ይህ ሒሳብ ግልጽ ስለሆነ ነው። እውነቱን ለመናገር 1 ኪሎ ሜትር ከመጀመሪያውም የሚያስቅ ቁጥር ነበር፤ እዚያ ላይ አውሮፕላኑ ከ70 ሜትር በታች ነው።

አሁን ቢመታስ ምን ይሆናል? እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ተከራካሪ አለ። አንደኛው «ፕላስቲክ ነው፣ ይደቃል» ይላል፤ ሌላው «አውሮፕላን ይወድቃል» ይላል። ሁለቱም ችኩል ናቸው። የመንገደኞች አውሮፕላን የሚፈተነው በወፍ ነው፦ ገላውና የፊት መስታወቱ 1.8 ኪሎ ግራም ወፍ፣ ጭራው 3.6 ኪሎ ግራም ወፍ መቻል አለበት። ሞተሩ ደግሞ እንደ ስፋቱ እስከ 3.65 ኪሎ ግራም የሚደርስ አንድ ትልቅ ወፍ ይጣልበታል፤ መሥራቱን እንዲቀጥል ግን አይጠበቅበትም፣ ተበታትኖ አውሮፕላኑን እንዳይጎዳ ብቻ ነው የሚፈለገው። የድሮን ፈተና የሚባል ነገር እስካሁን በዚህ መስፈርት ውስጥ የለም። ወፍ በዚያ ፍጥነት ስትመታ እንደ ውሃ ትረጫለች፤ ጉልበቷ በሰፊ ቦታ ላይ ይበተናል። ድሮን ውስጥ ግን የማይረጩ ሦስት ነገሮች አሉ፦ ባትሪው፣ የብረት ሞተሮቹና ካሜራው። የፕላስቲኩ ገላ ከእነሱ ጎን ምንም ማለት አይደለም። በአሜሪካ መንግሥት ድጋፍ ዩኒቨርሲቲዎች ተባብረው በ2017 ያወጡት ጥናት በክብደት እኩል ከሆነ ወፍ ይልቅ ድሮን የበለጠ እንደሚጎዳ ያሳየው በዚህ ምክንያት ነው።

ክብደቱን ብቻ ማየትም ያሳስታል። 900 ግራም ድሮን በ140 ኖት ሲመታ የሚያሳርፈው ጉልበት 2,300 ጁል ገደማ ነው። ያው ድሮን በ250 ኖት ሲሆን ከ7,400 ይበልጣል። ፍጥነት በራሱ ስለሚባዛ ነው። ስለዚህ ራቅ ብሎና ከፍ ብሎ፣ አውሮፕላኑ ገና ፍጥነት ሳይቀንስ የሚያገኘው ድሮን በቁጥር ጥቂት ቢሆንም በአደጋው ይብሳል። ቦሌ ደግሞ ከባሕር ወለል 2,334 ሜትር ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ በፓይለቱ መለኪያ ላይ 140 የሚለው ፍጥነት በእውነቱ ወደ 160 ኖት ይጠጋል። ባሕር ዳርቻ ላይ ካለ አየር ማረፊያ ጋር ሲነጻጸር ያው ድሮን ያው አውሮፕላን ላይ ከሩብ በላይ በሚበልጥ ጉልበት ያርፋል። ይህን ያነሳ ሰው ስላላጋጠመኝ ነው የጻፍኩት።

ከ250 ግራም በታች የሆነ ድሮን እንደ አሻንጉሊት ነው ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው። ጃንዋሪ 9 ቀን 2025 ሎስ አንጀለስ በእሳት ስትነድ ከዚህ ከትንሹ፣ ዲጄአይ የሚባለው ኩባንያ ከሚሠራው የሚኒ ቤተሰብ የሆነ ድሮን ከካናዳዋ ኩቤክ የመጣውን ውሃ ቀጂ የእሳት ማጥፊያ አውሮፕላን ክንፍ መታው። ወደ 7.5 በ15 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ቀዳዳ ተገኘበት። አብራሪዎቹ ምንም አልሆኑም፤ አውሮፕላኑ ግን እሳቱ እየነደደ ለቀናት ቆመ። ድሮኑ የተነሳው ሳንታ ሞኒካ ካለ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ አናት ላይ ሲሆን ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ባለቤቱ ዓይኑን ካነሳበት በኋላ ነው ግጭቱ የደረሰው።

እኛ ደግሞ «ወፍ ምን ታደርጋለች» የሚል ካለ መልሱን ከሌላ አገር መዋስ አያስፈልገንም። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ከባሕር ዳር ሲነሳ የእርግብ መንጋ በሁለቱም ሞተሮቹ ገባ። ለመመለስ ሲሞክር ወድቆ ተቃጠለ፤ ከ98 መንገደኞች 35ቱ ሞቱ። የገቡት እርግቦች ናቸው፣ ባትሪ የላቸውም። እርግጥ ድሮን በመንጋ አይመጣም፣ ሁለቱን ሞተር በአንድ ጊዜ የማግኘት ዕድሉም ትንሽ ነው። ይህን መካድ አያስፈልግም። ግን ያ አውሮፕላን ሲነሳ ነበር፤ በመነሻ ላይ ፓይለት ከፍታም ጊዜም የለውም።

ይልቅ ድሮኑ ባለቤቱ ሳያስበው እዚያ የሚገኝበትን መንገድ እንይ፤ ከተንኮል ይልቅ የሚበዛው ይህ ነውና። የመጀመሪያው የመመለሻ ከፍታ ነው። ድሮኑ ከሪሞቱ ጋር ግንኙነቱ ሲቋረጥ መጀመሪያ ቀድሞ ወደተሞላለት ከፍታ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ከዚያ ወደተነሳበት ይመለሳል። ሰው ሕንፃ እንዳይመታበት ብሎ 120 ይሞላል። በ30 ሜትር ከፍታ ሰርግ ሲቀርጽ የነበረ ድሮን ከሕንፃ ጀርባ ሲገባ ምልክቱ ይጠፋበትና ማንም ሳያዘው 120 ሜትር ላይ ይወጣል። ጂ+4 ኮንዶሚኒየም ባለበት ሰፈር 30 ሜትር ከበቂ በላይ ነው፤ በየቦታው ረጅሙን ሕንፃ ዓይቶ በዚያ ላይ 10 ሜትር ጨምሮ መሙላት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ሁለተኛው ኮምፓሱ ነው። ብረት በበዛበት የኮንክሪት ጣሪያ ላይ ወይም ከመኪና ኮፈን ላይ የሚነሳ ድሮን ኮምፓሱ ይዛባና አቅጣጫ ስቶ ይነጉዳል። ሦስተኛው ነፋስ፦ ሲሄድ ከኋላው የገፋው ነፋስ ሲመለስ ፊቱን ይይዘዋል፣ ባትሪው ቤቱ ሳይደርስ ያልቃል። እንደ አዲስ አበባ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ደግሞ ፕሮፔለሩ ስሱን አየር ለመያዝ በኃይል ስለሚሽከረከር ባትሪው በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ደቂቃ አይሞላም።

አውሮፕላን ሲመጣ ቢሰማስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የመመለሻ ቁልፉን ይጫናል፤ ድሮኑም ከተሞላለት ከፍታ በታች ከሆነ መጀመሪያ ወደ ላይ ይወጣል። ወደ ጎን ማምለጥም አይረዳም፤ ከርቀት የአውሮፕላኑን ትክክለኛ መንገድ ማንም አይገምትም። ያለው አንድ አቅጣጫ ነው፣ ቀጥታ ወደ ታች። እሱም ቢሆን ጊዜ ይፈልጋል። በተለመደው አሠራር ትንሽ ድሮን በሰከንድ 3 ሜትር ያህል ነው የሚወርደው፤ ከ120 ሜትር ለመውረድ 40 ሰከንድ። በ40 ሰከንድ አውሮፕላኑ ወደ 2.9 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ድምፁ ሲሰማ መውረድ የጀመረ ሰው ዘግይቷል ማለት ነው። አየር ማረፊያ አካባቢ ፈቃድ ኖሮ የሚበር ካለ ከዛፍና ከጣሪያ ከፍታ በላይ አለመውጣቱ ብቻ ነው የሚያዋጣው።

አሁን ወደ ሪፖርቶቹ። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር በአየር ማረፊያዎች አካባቢ ድሮን ታየ የሚል ሪፖርት በወር ከ100 በላይ እንደሚደርሰው ይናገራል። ይህን ቁጥር እንዳለ መዋጥ አይገባም። ኤፕሪል 2016 ለንደን ሂትሮው አየር ማረፊያ ላይ ከጄኔቫ የመጣ ኤርባስ 320 «ድሮን መታው» ተብሎ ዓለም ተንጫጫ፤ ከቀናት በኋላ የአገሪቱ የትራንስፖርት ሚኒስትር ፌስታል ሊሆን ይችላል አሉ። ጃንዋሪ 2017 ሞዛምቢክ ውስጥ ወደ ቴቴ የሚበር ቦይንግ 737 አፍንጫው ተደርምሶ ሲያርፍ መጀመሪያ የተከሰሰው ድሮን ነበር፤ ምርመራው ግን አፍንጫው ራሱ በአየር ግፊት የተሰበረ መሆኑ ላይ ደረሰ። እንዲህ ሲሆን «ታዲያ ሁሉም ወሬ ነው» የሚል ይነሳል። አይደለም። ኦክቶበር 12 ቀን 2017 ኩቤክ ከተማ ላይ ስምንት ሰው የያዘ ኪንግ ኤር የሚባል የመንገደኞች አውሮፕላን በ2,500 ጫማ ገደማ ከፍታ ላይ በድሮን ተመትቶ የግራ ክንፉ ተጭሮ አርፏል። የእነዚያ ፓይለቶች ዓይን አልዋሸም።

የጋትዊክ ነገር ደግሞ ሁለቱንም በአንድ ላይ የያዘ ነው። ዲሴምበር 19 ቀን 2018 ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ድሮን ታየ ተባለና መንደርደሪያው ተዘጋ። ሊከፈት ሲል ሌላ ሰው ያያል፣ ይዘጋል። ለ33 ሰዓት ያህል እንዲህ ተቀጠለ፤ ወደ 1,000 በረራዎች ተሰረዙ ወይም ሌላ ቦታ ሄዱ፣ 140,000 ያህል መንገደኞች ለገና ሳይደርሱ ወለል ላይ አደሩ። የተያዙት ባልና ሚስት ንጹሐን ሆነው ተገኙና ካሳ ተከፈላቸው፤ አድራጊው እስከ ዛሬ አልተገኘም። የሚገርመው ፖሊስ ራሱ ለፍለጋ ድሮን አስነስቶ ስለነበር ከታዩት አንዳንዶቹ የፖሊሱ ድሮን ሊሆኑ እንደሚችሉ አመነ። ሌሊት ብልጭ የሚል መብራት ሲታይ ማን የማንን ይለያል።

በእንዲህ ያለ ጊዜ ላይ ላይ የሚዞሩት አውሮፕላኖች ነዳጃቸው ይቆጥራል። ኤርባስ 320 ሲዞር በደቂቃ 40 ኪሎ ግራም ገደማ ያነዳል። ማንኛውም ጄት ሲያርፍ የ30 ደቂቃ ነዳጅ ሳይነካ መያዝ አለበት፤ ከዚያ በታች እንደሚወርድ ካወቀ «ሜይዴይ ፊውል» ብሎ የነዳጅ አደጋ ማወጅ ግዴታው ነው። ዱባይ በጁን 2016 ለ69 ደቂቃ ስትዘጋ፣ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ላይም ደግማ ስትዘጋ፣ ተቆጣጣሪዎቹ ሲያደርጉ የነበረው ይህንን ነዳጅ እየቆጠሩ ማን ወደ የትኛው ሌላ አየር ማረፊያ ይሂድ ማለት ነው።

«ለምን አይመቱትም?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሳል። ጥይት ከሰማይ ተመልሶ ይወድቃል፣ ከሥር ደግሞ አውሮፕላንና ነዳጅ ማደያ አለ። የድሮኑን ጂፒኤስ ማፈን ደግሞ የአውሮፕላኑንም ጂፒኤስ ማፈን ነው። ሬዲዮውን ብታፍነው ድሮኑ ምን ያደርጋል? ቀድሞ ወደተሞላለት የመመለሻ ከፍታ ይወጣል። በአምራቹ ሶፍትዌር ውስጥ የነበረው የካርታ አጥርም ላልቷል፤ ዲጄአይ በጃንዋሪ 2025 አሜሪካ ውስጥ በአየር ማረፊያ ዙሪያ ያስቀመጠውን ክልከላ ወደ ማስጠንቀቂያ ቀየረው። ድሮ ሞተሩ አልነሳም ይል ነበር፤ አሁን ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ ይመጣል፣ ጣት ይጫነዋል፣ ይነሳል።

ይህ ዋሽንግተን ዙሪያ ላሉ ወገኖች ቀላል ነገር አይደለም። ከሬጋን አየር ማረፊያ 15 ማይል ዙሪያ ያለ ልዩ ፈቃድ ድሮን ማብረር ፈጽሞ ክልክል ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግም አሌክሳንድሪያም እዚያ ቀለበት ውስጥ ናቸው። የሰርግ ድሮን ከካሜራ ባለሙያ ጋር ስትዋዋሉ «ፈቃድህን አሳየኝ» ማለት ነውር አይደለም። ወደ አገር ቤት ይዞ መሄድም እንደዚያው ነው፤ ቀድሞ ፈቃድ ያልወጣለት ድሮን ቦሌ ጉምሩክ ላይ ይቀራል። ለስጦታ ነው ማለት አያስመልሰውም።

አንድ የቀረ ነገር። አየር ማረፊያ አጠገብ የሚበር ድሮን ያየ ሰው ለፖሊስ ወይም ለአየር ማረፊያው ሲደውል «ድሮን አየሁ» ብቻ ቢል ያለው ጥቅም ትንሽ ነው። ሰዓቱን እስከ ደቂቃው፣ የቆመበትን ቦታ፣ ድሮኑ ከየትኛው ሕንፃ ወይም ምሰሶ በላይ እንደነበረና ወዴት እንደሄደ ይንገር። ስልኩን አውጥቶ ሲቀርጽ አያጉላ፤ ሲጎላ ሰማይ ብቻ ይቀራል። የሕንፃውን ጫፍ አብሮ ይያዝ። ያን ጊዜ ከፍታውን ሌላ ሰው በሒሳብ ሊያወጣው ይችላል።